ታሪኩ ዘፈኑን የቀደመው ኢማኑኤል ጃል

ማታር በጋምቤላ ክልል ኑዌር ዞን የዋንቱዋ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከደቡብ ሱዳን ድንበር ብዙም አትርቅም። የኑዌር ቋንቋ ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ይነገራል፤ ዘፈኑም ኬላ ሳይጠይቅ ይሻገራል። በዚህ ቋንቋ ከሚዘፍኑት ሁሉ ስሙ በዓለም ርቆ የተሰማው ኢማኑኤል ጃል ነው። በ2008 ለንደን ሃይድ ፓርክ ውስጥ በተዘጋጀው የኔልሰን ማንዴላ 90ኛ ዓመት የልደት ኮንሰርት ላይ ዘፍኗል። ሕይወቱ መጽሐፍም ዘጋቢ ፊልምም ሆኗል፤ በሆሊውድ ፊልም ላይም ተውኗል። ስለ እሱ የተጻፈው አብዛኛው ግን የሚጀምረውም የሚያልቀውም «የቀድሞ ሕፃን ወታደር» በሚለው ሐረግ ነው።

ይህ ሐረግ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎችን አንድ ላይ ቋጥሮ ይዟል። የሕይወት ታሪኩ እንዴት ይነበብ? ሙዚቃው በሙዚቃነቱ ምን ያህል ይመዝናል? ተጽዕኖ አሳድሯል ከተባለስ በማን ላይ? ጥያቄዎቹ ካልተለያዩ አድናቂውም ተቺውም የአንዱን መልስ በሌላው ማስረጃ ሲሞግት ይውላል፤ በጃል ዙሪያ በተጻፈው ሁሉ የሚታየው ትልቁ ጉድለትም ይኸው ነው። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ደግሞ አራተኛ ጉዳይ አለ፤ የዚህ ሰው የልጅነት ታሪክ አንዱ ከባድ ምዕራፍ የተፈጸመው በጋምቤላ ምድር ነው። (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከቶንጅ እስከ ፑኝዶ

ጃል በ1980 ገደማ በዛሬይቱ ደቡብ ሱዳን ቶንጅ አካባቢ ተወለደ። የተወለደበትን ቀን እሱ ራሱም በትክክል አያውቀውም። ሁለተኛው የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት በ1983 ሲፈነዳ ገና ሕፃን ነበር። አባቱ ወደ ሱዳን ሕዝቦች ነፃ አውጪ ሠራዊት (ኤስፒኤልኤ) ገቡ፤ እናቱ በጦርነቱ ሞቱ። እሱም «ኢትዮጵያ ትምህርት አለ» ተብለው በእግራቸው ከተነሡ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ጋር ወደ ምሥራቅ ሄደ።

ያ ጉዞ ፖለቲካው ካልታወቀ አይገባም። ኤስፒኤልኤ ሲመሠረት ዋነኛ ደጀኑ የደርግ መንግሥት ነበር። ካርቱም የኤርትራንና የትግራይን ታጣቂዎች ስታስጠጋ አዲስ አበባ በአጸፋው የደቡብ ሱዳኑን አማጺ አስታጠቀች። ጋምቤላ የዚህ የእጅ አዙር ጦርነት ሜዳ ሆነች። ቢልፋምና ቦንጋ ለሠራዊቱ ማዘዣና ማሠልጠኛ ሲሆኑ፣ ኢታንግ፣ ፑኝዶና ዲማ ለስደተኛው መጠለያ ሆኑ። በወረቀት መጠለያውና ማሠልጠኛው የተለያዩ ነበሩ። በተግባር ግን እርዳታ የሚቀበለው ልጅና ጠመንጃ የሚሸከመው ልጅ ብዙ ጊዜ አንድ ልጅ ነበር። ጃል ከሜጋን ሎይድ ዴቪስ ጋር ጽፎ በ2009 ያሳተመው «ዋር ቻይልድ» የተሰኘው መጽሐፍ በዝርዝር የሚተርከው ይህንኑ ነው፤ ተማሪ ልሆን ብሎ የመጣ ልጅ ወታደር ሆኖ ወጣ።

በግንቦት 1991 ደርግ ሲወድቅ መጠለያዎቹ በአጭር ጊዜ ባዶ ሆኑ። ወደ ሱዳን የተመለሱት ስደተኞች የጊሎን ወንዝ ሲሻገሩ ብዙዎቹ በውሃውና በጥይት አለቁ። በዚያው ዓመት በነሐሴ የኤስፒኤልኤ አዛዦች ሪክ ማቻርና ላም አኮል በናስር ከተማ ሆነው ከመሪያቸው ከጆን ጋራንግ መለየታቸውን አወጁ፤ ኑዌርና ዲንካም በአንድ ጦርነት ውስጥ ሌላ ጦርነት ገጠሙ። ጃል በጁባ ዙሪያ ከተዋጋ በኋላ ወደ 400 ከሚጠጉ ልጆች ጋር ኮበለለ። አብዛኞቹ በረሃብና በውሃ ጥም መንገድ ላይ እንደቀሩ ይናገራል። ከዚያ የተረፈው ልጅ ዋት በተባለች ከተማ ኤማ መኩን ከተባለች እንግሊዛዊት የእርዳታ ሠራተኛ ጋር ተገናኘ። ኤማ በ1991 ሪክ ማቻርን ያገባች ሴት ናት። ልጁን በአውሮፕላን ደብቃ ናይሮቢ አደረሰችውና ትምህርት ቤት አስገባችው፤ ብዙም ሳይቆይ በኅዳር 1993 ናይሮቢ ውስጥ በመኪና አደጋ ሞተች። ጃል እንደገና በሰው ደጅ ቀረ።

ይህን ያህል በታሪኩ ላይ የቆየነው በምክንያት ነው። የውጭ ጸሐፊዎች ኢትዮጵያን በአንድ መስመር አልፈው ወደ ናይሮቢ ይጣደፋሉ። ልጁን ሰው ያደረገችው ናይሮቢ፣ ያዳነችውም ኤማ ተደርጋ ትቀርባለች። የመጽሐፉን ክብደት በትክክል የሚያሳየው ግን ከዚያ በፊት ያለው ክፍል ነው፤ እሱ ደግሞ የእኛም ታሪክ ነው።

ዘፈኑ ከየት መጣ?

በዚህ ላይ ሁለት አስተያየቶች አሉ። የመጀመሪያው የተለመደው ነው፤ ጃል የናይሮቢ ልጅ ነው ይላል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ኬንያ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን መዝሙርና የአሜሪካ ሂፕ ሆፕ በወጣቱ ዘንድ ተገናኝተው ነበርና ጃልም መዝፈን የጀመረው ከዚያ ነው። ማስረጃው ጠንካራ ነው። የመጀመሪያ ሥራዎቹ የመዝሙር ቃና አላቸው፤ በ2005 በኬንያ ሬዲዮኖች ስሙን ያስጠራለት «ጉዋ» የተሰኘው ዘፈንም አጣጣሉ የራፕ ነው። በዚያ አንድ ዘፈን ውስጥ እንግሊዝኛ፣ ዐረብኛ፣ ስዋሂሊ፣ ዲንካና ኑዌር ይፈራረቃሉ፤ እንዲህ ያለ ቅይጥ ናይሮቢ ላይ እንጂ በከብት በረት አይወለድም።

ሁለተኛው አስተያየት ብዙ ጊዜ አይነሣም፤ ለእኔ ግን ይበልጥ ያመዝናል። በኑዌር ባህል «እኔ» ብሎ የራስን ስም፣ የበሬን ስም፣ የዘርን ሐረግና የደረሰን በደል እየጠሩ መዝፈን የቆየ ሥርዓት ነው። አንትሮፖሎጂስቱ ኢቫንስ ፕሪቻርድ በ1940 ባሳተሙት «ዘ ኑዌር» በተሰኘው ጥናታቸው ወጣቱ ለአካለ መጠን ሲደርስ ከሚሰጠው በሬ ጋር ስሙም ዘፈኑም እንዴት እንደሚተሳሰር ጽፈዋል። አሜሪካዊቷ ገጣሚ ቴሪስ ስቮቦዳም በ1985 የኑዌር ዘፈኖችን ሰብስባና ተርጉማ አሳትማለች። የሙዚቃ ተመራማሪዋ አንጄላ ኢምፔይ ደግሞ በጎረቤት በዲንካ ዘንድ የግል ዘፈን ከከብት በረት ተነሥቶ በካሴት እየተቀረጸ በዓለም ለተበተነ ዘመድ እንደ ደብዳቤ እንደሚላክ አሳይታለች። እንግዲህ ራፕ «ስሜን፣ የመጣሁበትን፣ ያየሁትን ስሙ» የሚል ከሆነ ለኑዌር ልጅ እንግዳ ነገር አይደለም።

ይህ አስተያየት ድካምም አለበት። ጃል ከቤቱ የወጣው በሬ ሳይሰጠው፣ የወንድነት ሥርዓቱን ሳያልፍ ነው፤ በዚያ ዕድሜው የተሰጠው መሣሪያ ነበር። በማሠልጠኛ ሠፈር የሰማው ዘፈንም የሰልፍ ዘፈን እንጂ የበሬ ዘፈን አልነበረም። ስለዚህ «የባህሉ ወራሽ ነው» ብሎ መደምደም ይከብዳል። ባህሉ በቀጥታ ደርሶታል ወይስ ካደገ በኋላ ፈልጎ አገኘው የሚለው ገና አልተፈታም። መልሱ ካለም የሚገኘው የእንግሊዝኛ ዘፈኖቹን ከኑዌርኛዎቹ ጋር ጎን ለጎን አድርጎ የግጥም አሠራራቸውን ከሚመረምር ሰው ነው። ለዚህ ሥራ ቋንቋውን ከልጅነቱ የሚያውቅ የማታር ወይም የሌላዋ የዞኑ ከተማ የኒንኛንግ ተማሪ ከማንም የተሻለ ቅርበት አለው።

ሥራዎቹ ሲመዘኑ

በ2005 የወጣው «ሲዝፋየር» በእኔ ግምት ከሥራዎቹ ሁሉ ትልቁን ሐሳብ የያዘ ነው። የሱዳንን የሰሜንና የደቡብ ጦርነት ያቆመው የሰላም ስምምነት በጥር በተፈረመበት ዓመት፣ ከደቡብ የመጣው ክርስቲያን ወጣት ከኮርዶፋኑ ሙስሊም አንጋፋ ድምፃዊና የኡድ ተጫዋች ከአብደል ጋድር ሳሊም ጋር አንድ አልበም ሠራ። አብደል ጋድር ሳሊም ራሱ የጥቃት ሰለባ ነበር። በ1994 ኦምዱርማን ውስጥ በሙዚቀኞች ክበብ ላይ በተፈጸመው የጩቤ ጥቃት ድምፃዊ ኮጃሊ ኦስማን ሲገደል እሱ ቆስሎ ተርፏል። ሁለቱ ሙዚቀኞች አንዱ ሌላውን ለመምሰል አይሞክሩም። የጃል ራፕ ሻካራነቱን እንደያዘ ይቀራል፤ የአንጋፋው ዜማም በራሱ ፍጥነት ይፈሳል። ሰላም ማለት አንድ መሆን ሳይሆን ተለያይቶ አብሮ መቆም እንደሆነ ይህ አልበም ያለ ንግግር ያስረዳል።

በ2008 የወጣው «ዋርቻይልድ» ዓለምን ያስደነገጠው ነው። የጦርነት ትዝታው፣ ለኤማ የዘፈነው ምስጋና፣ ለልጆች የቀረበን የጥይት ጨዋታ ነቅፎ ለአሜሪካዊው ራፐር ለፊፍቲ ሴንት የሰደደው ተግሳጽ ሁሉም እዚያ አሉ። በዚያው ዓመት በካሪም ክሮቦግ የተዘጋጀው ዘጋቢ ፊልም ወጥቶ ዝናውን አናረው። እንደ ሙዚቃ ሲታይ ግን አልበሙ ያልተስተካከለ ነው፤ ቃሉ ከድምፁ ይቀድማል፣ ቅንብሩም ብዙ ጊዜ ለታሪኩ መሸከሚያ ብቻ ሆኖ ይቀራል። የእንግሊዝኛ አድማጭ ይህን እንደ ድክመት ሲቆጥረው የታሪኩ ክብደት ግን ያራራዋል፤ ሙዚቃው በምሕረት ተመዝኗል ማለት ይቻላል።

«ሲ ሚ ማማ» (2012) እና «ዘ ኪ» (2014) ለዳንስ ያደሉ ናቸው። በሁለተኛው ላይ ኔሊ ፉርታዶና ናይል ሮጀርስን የመሰሉ ስመ ጥሮች ተሳትፈዋል፤ ሆኖም ዝነኛ እንግዳ በበዛበት ቤት ባለቤቱ ጥግ የያዘ ይመስላል።

በ2018 ከእህቱ ከኛሩዋች ጋር የሠራው «ናዝ» ግን ሌላ ነው። ወንድምና እህት በጦርነቱ ተለያይተው ያደጉ ናቸው፤ እሷ ኬንያ ውስጥ በካኩማ የስደተኞች መጠለያ ኖራለች። አልበሙ በአመዛኙ በኑዌር ቋንቋ ነው፤ በውስጡም ፍቅር፣ ቀልድ፣ ጭፈራና የሀገር ናፍቆት አሉ። ለውጭ አድማጭ ራሱን ማስረዳት ስላላስፈለገው ጃል እዚህ ላይ ዘና ብሏል፤ ድምፁም ለመጀመሪያ ጊዜ ለዜማው ብሎ ይዘፍናል። ስለ ሕፃን ወታደሩ ምንም ሳይነገረው ይህን አልበም የሚሰማ ሰው ጥሩ ዘፋኝ እንደሰማ ያውቃል። ጃልን በሙዚቃው ለመመዘን የሚሻ ሁሉ ከዚህ ይጀምር።

ምስክርነትና ባለቤትነት

የጃል መጽሐፍ የወጣው እንዲህ ያሉ መጻሕፍት በበዙበት ጊዜ ነው። ዴቭ ኤገርስ በ2006 ያሳተመው «ዋት ኢዝ ዘ ዋት» የቫለንቲኖ አቻክ ዴንግን ታሪክ ይተርካል፤ እሱም በፑኝዶ ያለፈ ልጅ ነው። ሁለቱ ሰዎች ሥራውን ልብ ወለድ ብለው ሰየሙት፤ ቫለንቲኖ በዚያ ዕድሜ የሰማውን ንግግር ቃል በቃል ማስታወስ ስለማይችል ነው። የሴራሊዮኑ ኢሽሜል ቢያ በ2007 «ኤ ሎንግ ዌይ ጎን» የተሰኘውን ትዝታውን እንደ እውነተኛ ታሪክ አቀረበ፤ በማግሥቱ ዓመት አንድ የአውስትራሊያ ጋዜጣ በጦሩ የቆየበትን ጊዜ አስረዝሟል ብሎ ሞገተው፤ ቢያም በቃሉ ጸና።

የጃል መጽሐፍ በመካከል ይቆማል። ዐቢዩ መስመር፣ ማለትም መጠለያዎቹ፣ የልጆች ምልመላ፣ የ1991ዱ ሽሽት፣ የናስሩ ክፍፍልና የኤማ መኩን ሕይወት፣ በሌሎች ምስክሮች የተረጋገጠ ነው። ቀኑ፣ የሰው ቁጥሩ፣ የተባለው ቃል ግን የአንድ ልጅ ትዝታ ነው። ስለዚህ መጽሐፉን እንደ ዜና መዋዕል ማንበብ ስሕተት ነው፤ ዝርዝሩ አይጸናም ብሎ መላውን መጣልም ከዚያ የባሰ ስሕተት ነው። የሰባትና የስምንት ዓመት ልጅ ቀን አይቆጥርም፤ የፈራውን ግን ያውቃል።

ከእውነትነቱ ይልቅ ያልተፈታው ጥያቄ የባለቤትነቱ ነው። ጃል በተወነበት «ዘ ጉድ ላይ» (2014) በተሰኘው ፊልም ላይ ከሪስ ዊዘርስፑን ጋር ከቀረቡት ዋና ተዋንያን አብዛኞቹ ራሳቸው የጦርነቱ ልጆች ናቸው፤ አንዱ ጌር ዱዋኒ በልጅነቱ ኢታንግ የነበረ ኑዌር ነው። ይህ ፊልሙን ከብዙዎች የተሻለ አድርጎታል። ይሁን እንጂ በ2015 አሜሪካ ውስጥ የሚኖሩ በርካታ ደቡብ ሱዳናውያን ስደተኞች፣ ለፊልሙ ዝግጅት በቃለ መጠይቅ የሰጠነው የሕይወት ታሪካችን ያለ ድርሻ ተወስዷል ብለው ክስ መሠረቱ። አንድ ሰው ያሳለፈው መከራ የጽሑፍ ሥራ ነው? ለሚዲያ ደጋግሞ የነገረውስ? ጃል ታሪኩን ራሱ ጽፎ፣ ራሱ ዘፍኖ፣ ስሙንም ይዞ በመቅረቱ ከእነዚያ ተናጋሪዎች የተሻለ ዕድል ገጥሞታል፤ ተጽዕኖው ሲቆጠር ይህ ሊዘነጋ አይገባም።

ተጽዕኖ ሲባል

በሐምሌ 2005 የላይቭ ኤይት ኮንሰርቶች ሲካሄዱ የለንደኑ ዋና መድረክ በአመዛኙ በምዕራባውያን ተያዘ፤ አፍሪካውያኑ በኮርንዎል በተዘጋጀ ሌላ መድረክ እንዲቀርቡ ተደረገ። ጃል ከእነዚያ አንዱ ነበር። ስለ አፍሪካ በሚዘፈንበት ቀን አፍሪካዊው ዳር መያዙ በዚያን ጊዜ ብዙ ነቀፋ አስነሥቷል፤ የጃልም የዓለም ዝና የተጀመረው እንዲህ ባለ ዳር ላይ ነው።

በ2010 «ዊ ዎንት ፒስ» የተሰኘ ዘመቻውን ሲጀምር አሊሺያ ኪስና ጆርጅ ክሉኒን የመሰሉ ታዋቂዎች ተባበሩት። በጥር 2011 የደቡብ ሱዳን የነፃነት ሕዝበ ውሳኔ በሰላም ተካሄደና በሐምሌ ሀገሪቱ ነፃ ወጣች። አድናቂዎቹ ይህን ከዘፈኑ ጋር ሲያያይዙት ይታያል። ማስረጃው አይደግፋቸውም፤ ሕዝበ ውሳኔውን ያስቻለው የ2005ቱ ስምምነትና የካርቱምና የጁባ መንግሥታት ስሌት ነበር። በመስከረም 2012 የሰላም ኮንሰርት ለማዘጋጀት ጁባ ገብቶ ሳለ የፀጥታ ኃይሎች ክፉኛ ደበደቡት። በታኅሣሥ 2013 ደግሞ ሀገሪቱ እንደገና በእሳት ተያዘች። ዘፈን ጦርነት ያስቆማል የሚለው እምነት በጃል ሕይወት ከባድ ፈተና ገጥሞታል። ያም ሆኖ ጃል አልተወም፤ ከዚህም በፊት በደቡብ ሱዳን ሌር ከተማ ለሚገነባ ትምህርት ቤት ገንዘብ ለማሰባሰብ ከ600 ቀናት በላይ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ እየበላ ጹሟል። በ2014 የድሬስደን የሰላም ሽልማት የተሰጠውም ለዚህ ጽናቱ እንጂ ለፖለቲካ ውጤት አልነበረም፤ ትክክለኛው መለኪያም እሱ ይመስለኛል።

በሙዚቃው በኩል ደግሞ ያልተጠበቀ መንገድ ሄዷል። «ኩዋር» የተሰኘውን ዘፈኑን ጀርመናዊው ሄንሪክ ሽዋርዝ እንደገና አቀናብሮት በአውሮፓ የዳንስ ቤቶች ለዓመታት ተደምጧል። ታሪኩን ፈጽሞ የማያውቁ ሰዎች በኑዌርኛ ድምፅ ጨፍረዋል ማለት ነው። ይህን ጥበቡን ከታሪኩ የገነጠለ ጥፋት አድርጎ የሚያየው አለ። እኔ ግን ድምፁ በራሱ ሊቆም እንደሚችል ያሳየ ጥሩ ማስረጃ አድርጌ እወስደዋለሁ።

በገዛ ወገኖቹ ዘንድስ? እዚህ ላይ ጎርደን ኮአንግን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። ዓይነ ስውር ሆኖ የተወለደው ኮአንግ ቶም የተሰኘውን ባለ አውታር መሣሪያ እየመታ ከአጎቱ ልጅ ከፖል ቢል ጋር ለዓመታት በኑዌርኛ ሲዘፍን ኖሯል። ዝናው ከውስጥ ወደ ውጭ ያደገ ነው፤ በሀገሩ ጦርነት ምክንያት አውስትራሊያ ቀርቶ ጥገኝነት ከጠየቀ በኋላ፣ በ2020 በወጣው «ዩኒቲ» በተሰኘ አልበሙ ነው የምዕራቡ አድማጭ ያወቀው። ጃል በተቃራኒው መጀመሪያ በውጭ ታውቆ በ«ናዝ» ወደ ቤቱ የተመለሰ ነው። ሁለቱንም «የደቡብ ሱዳን ኮከብ» ብሎ በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ልዩነቱን ያጠፋል። ኮአንግ ለሚያውቁት ሰዎች ዘፍኖ ነው ዓለም የሰማው። ጃል ግን ዓለም እንዲሰማው ከዘፈነ በኋላ የሚያውቁት ሰዎች ምን ያህል እንደሰሙት ገና አልተጠናም።

ጋምቤላ ላይ የቀረው ሥራ

ከ2013 ወዲህ ጋምቤላ እንደገና የስደተኛ ምድር ሆናለች፤ ኩሌ፣ ቲርኪዲ፣ ጀዊና ንጉኝዬል በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች የሚያድጉባቸው ሠፈሮች ናቸው፤ ማታርም ከድንበሩ የሚመጡት ከሚያልፉባቸው ቦታዎች አንዷ ነበረች። በሚያዝያ 2016 በጂካዎና በላሬ በተፈጸመው ጥቃት ከ200 በላይ ሰዎች ተገድለው ከ100 በላይ ሕፃናት ተወስደዋል። የጃል የልጅነት ታሪክ እዚህ ያለፈ ታሪክ አይደለም።

ጥናቱ ግን አሁንም የሚሠራው ከለንደን፣ ከቶሮንቶና ከናይሮቢ ነው። በ1980ዎቹ በፑኝዶና በኢታንግ የነበሩ ልጆች ምን ይዘፍኑ ነበር? በቦንጋ የተማሩት የሰልፍ ዘፈንስ? ዛሬ በማታር ወጣቱ የሚያዳምጠው ጃልን ነው፣ ኮአንግን ነው ወይስ ስማቸው ከወረዳው ያልወጣ ዘፋኞችን? እነዚህን የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬ ከአርባ ዓመት በላይ ናቸው፤ ቃላቸው በጊዜ መቀረጽ አለበት። የጋምቤላ ዩኒቨርሲቲና የክልሉ ባህል ቢሮ ቋንቋውን ለሚያውቁ ወጣቶች መቅረጫ ሰጥተው፣ ከድንበር ከተሞች ጀምረው ዘፈኖቹን ከነዘፋኞቻቸው ስም ይመዝግቡ። ስሙ ይያዝ፤ ባለቤቱም ያለ ድርሻው አይቅር።